«አንተ» የምትል ገንዘብ ያዥ፣ ወደ ጁገል የሚሄድ ስጦታ

ጥያቄ፦ «እንደምን አሉ? የ47 ዓመት ሰው ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሬ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ገንዘብ ያዣችን ከሃያ አምስት ዓመት አትበልጥም። ገና በመጀመሪያው ቀን ‹አዲሱ አለቃ አንተ ነህ?› አለችኝ። ዛሬም ‹አቦ፣ ይቺን ፈርምልኝ› ትለኛለች። እኔ ሁሉንም ‹እርስዎ› ነው የምለው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ስኳር እንዳለብኝ ካወቀች ጀምሮ ሻዬን ያለ ስኳር የምታዝልኝ እሷ ናት። ግን ባለጉዳይ ፊት ‹አንተ› ስባል ደሜ ይፈላል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ልስጣት?»

መልስ፦ ማስጠንቀቂያውን ይተዉት፣ እባክዎ። የሻዩን ነገር ጣል አድርገው አልፈውታል፤ እኔ ግን ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ለእሱ ስል ነው። ሳይነግሯት ስኳርዎን የምትጠብቅልዎ ልጅ ንቃዎት አይደለም።

እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ በአንድ ገበያ ሲገበያይ ነው አማርኛችን እዚህ ያደገው። በሶማሊኛም በዓረብኛም አባትን የሚጠሩበት «አንተ» ታናሽን ከሚጠሩበት አይለይም፤ የእኛም «አንተ» ከዚያ የተጋባ ይመስለኛል። እናቴ የአባቴን አለቃ «አንተ» ነበር የምትለው። ያው ሰው ቤታችን ሲመጣ ግን የዶሮው ፈረሰኛ ለእሱ ነበር የሚወጣው፤ አባቴ እያየ። ከእርስዎ ቀጥላ የጻፈችልኝ የሳቢያን ሰፈር ልጅም እኔን የ61 ዓመቷን «እንዴት ነሽ» ብላ ነው የጀመረችው፤ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

ባለጉዳይ ፊት ያለው ነገር ግን እውነት አለው፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሊታዘብ ይችላል። ጠዋት ሰው ሳይገባ ለብቻዋ «እኔ ባደግሁበት አገር አለቃን አንተ አይሉም፤ ባለጉዳይ ሲኖር ብቻ አቶ እገሌ በይኝ» ይበሏት። ምክንያቱን ከሰማች አታስቸግርዎትም። እርስዎም እሷን «አንቺ» ይበሏት። ድሬ ውስጥ የሚቀርቡት ሰው «እርስዎ» ካለ ተቀይሟል ማለት ነው፤ ልጅቷም ሦስት ወር ሙሉ ምን አጥፍቼ ነው እያለች ይሆናል።

ጥያቄ፦ «እንዴት ነሽ? አብራኝ የምትሠራ ልጅ ለሸዋል ኢድ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) እናቷ ቤት ጠርታኛለች። ክርስቲያን ነኝ፤ የሐረሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። 1,500 ብር ይዣለሁ። የሚያምር የስፌት ሙዳይ ልግዛ ወይስ ኬክ?»

መልስ፦ ሁለቱንም አይደለም የኔ ልጅ።

ስለ ሙዳዩ ልንገርሽ። በ24 ዓመቴ ለጓደኛዬ እናት ከቀፊራ ገበያ አንድ ሙዳይ ገዝቼ ወሰድኩ። እናትየዋ አመስግና ተቀበለችኝና ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች። ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ጥፍር ስፌቱን ተከትላ ዙሪያውን ዞረችውና ቀስ ብላ «የሰፋችው ሴት ቸኩላለች» አለች። ቀና ብዬ ግድግዳውን ያየሁት ያኔ ነው። ከላይ እስከ ታች ስፌት፤ እያንዳንዱ የታወቀ ቦታ አለው፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአክስቷ፣ ሌላው ሙሽራ ሆና ስትገባ ይዛው የመጣችው። ለእንዲህ ያለ ቤት የገበያ ሙዳይ አይወሰድም። የእኔን በዓመቱ ስሄድ ጓዳ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተቀምጦበት አየሁት።

ኬኩ ደግሞ መንገዱን አይችልም። ድሬ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሐረር ብርድ ነው ብለሽ አትታለዪ፣ ክሬሙ የሚያልቅለት ገና የደንገጎን ዳገት ሳትወጪ፣ እዚሁ ሙቀት ውስጥ ነው።

ከቀፊራ ጥሩ ኡንሲ፣ ቤት የሚታጠንበትን የሚጨስ ሽቶ፣ ግዢ፤ ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ያሽትትሽ፣ ሳታሸቺ አትግዢ። የታሸገ ተምር ጨምሪበት። አያት ካሉ፣ በተረፈሽ ገንዘብ ሻሽ። ሥጋ ያለበትንና ቤት የበሰለ ነገር ተዪ፤ ማንም አይመልስብሽም፣ ግን ልብላው አልብላው ብሎ ሰው እንዲጨነቅ ማድረግ ነው። ስጦታውን ለጓደኛሽ ሳይሆን በዕድሜ ለምትበልጠው ሴት በሁለት እጅሽ ስጪ። ፊትሽ ካልከፈቱት አይክፋሽ።

በር ላይ ጫማሽን አውልቂ። ከዚያ ቁሚ! የሐረሪ ሳሎን አምስት መደብ አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተወሰነ ነው። እስኪያስቀምጡሽ ጠብቂ። በዓሉ ከረመዳን ኢድ በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበር ነውና፣ ቀድመሽ ከደረስሽ ምሳ አብረን እንብላ አትበያቸው። በኅዳር 2016 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው፤ ሌሊቱን ዝክሩንና ከበሮውን ሳትሰሚ አትመለሺ። ነጠላ አትርሺ።

ጥያቄ፦ «የ30 ዓመት የሐረር ልጅ ነኝ። በርጫ (ጫት መቃም) ካቆምኩ ሁለት ወሬ ነው። ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ አልገፋ አለኝ። ምን ልያዝ?»

መልስ፦ በርታ። እጅህን የሚይዝ ነገር ያዝ፤ ስልክ እጅ አይይዝም። ወንድሜም ያቺ ሰዓት ነበረች የከበደችው፤ ያዳነችው መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ናት። አንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። ሰፊው ለሳምንት ያህል ያሠራው የድሮ ስፌት መፍታት ብቻ ነበር፤ ጨርቁን ሳይጎዳ ክሩን በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ እየመዘዘ። ቀጥሎ ቁልፍ መትከል፣ ከዚያ መርገጫው ላይ እግሩን እንዲያሳርፍ ፈቀደለት። አሁን ለዘመድ ሠርግ የትራስ ልብስ እሱ ነው የሚሰፋው።

አንተም ነገ በ8 ሰዓት ሂድ። ከቤት የተቀደደ ሱሪ ይዘህ ሂድ፤ ባዶ እጅህን ከሄድክ ወሬ አውርተህ ነው የምትመለሰው።