የዓለት ዳር ዓሣ አጥማጆች ጥያቄና መልስ፦ እርሳሱ፣ ሰዓቱና ጃኬቱ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእንግሊዝ ናቸው፤ አብዛኞቹም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሰሜን ዴቨን፣ ወደ ኢልፍራኮምብና ሃርትላንድ ዓለቶች ከሚወርዱ አንባቢዎች የመጡ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ከባሕር ዳር ለማጥመድ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ?

በእንግሊዝ ከባሕር ዳርቻ በዘንግ ለራስዎ ለማጥመድ አያስፈልግዎትም፤ ለወንዝና ለሐይቅ፣ እንዲሁም ሳልመንና ሲ ትራውት ለሚባሉት ዓሦች ግን ያስፈልጋል።

አንድ የብሪስቶል ወጣት በአንድ ቀን አሥር እርሳስ (መንጠቆውን ወደ ታች የሚያሰምጠው ክብደት) ባሕር ውስጥ እንደቀረበት ጽፎ፣ «ዘንጌን ልቀይር?» ይላል።

ዘንግህን ተወው። ጥፋቱ አስተሳሰርህ ላይ ነው። ዓለታማ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰነቀረው እርሳሱ ነው። አንተ ደግሞ እርሳሱን በዋናው ክር ጫፍ ስላሰርከው፣ እሱ ሲያዝ መንጠቆውም፣ ዓሣውም፣ ክሩም አብረው ይቀራሉ።

ዋናው ክር 30 ፓውንድ የሚችል ሞኖፊላመንት (ባለ አንድ ዘለላ የናይለን ክር) ይሁን፤ የተጎነጎነ ክር ዓለት ሲነካው ቶሎ ይበጠሳል። ጫፉ ላይ ሦስት ቀለበት ያለው ማያያዣ እሰር። በአንዱ ቀለበት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠንካራ ክር ከነመንጠቆው፣ በሌላው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ፓውንድ ብቻ የሚችል ደካማ ክር ከነእርሳሱ። እርሳሱ ሲያዝ ደካማው ክር ይበጠሳል፣ ሌላው በሙሉ ይመለሳል። በእርሳስ ፋንታ ያረጀ የመኪና ካንዴላ ብታስርም ይሠራል፤ ጋራዥ ጠይቅ፣ በነፃ ይሰጡሃል።

አንድ ችግር አለው፦ በኃይል ከወረወርክ ደካማው ክር አየር ላይ ይበጠሳል። ግን ማን በኃይል ወርውር አለህ? ባላን ራስ የሚባለው ዓሣ የሚውለው ከእግርህ ሥር ባለው የባሕር ሣር ውስጥ ነው፤ 20 ሜትር ይበቃል። ስትስብ ዘንጉን ወደ ላይ አቅንተህ በፍጥነት ጠንጥን፤ ቀስ ብለህ ከጎተትከው እርሳሱ እያንዳንዱን ስንጥቅ ይጎበኛል። እንዲያም ሆኖ ከተያዘ በዘንጉ አትታገል። ክሩን በእጅህ ሳይሆን በዱላ ላይ ጠቅልለህ፣ ፊትህን አዙረህ፣ ባለህበት ቆመህ ሳብ። ድንገት የለቀቀ እርሳስ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው የሚመጣው።

የለንደን አንባቢ፦ «የባሕሩ ውኃ የሚሞላበትንና ዝቅ የሚልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ‘ዝቅታ 7:00’ ይላል። በሰባት ሰዓት ስደርስ መውረጃው ሁሉ ተውጧል። ሰንጠረዡ ውሸታም ነው?»

ሰንጠረዡ ልክ ነው። 7:00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ እርስዎ የደረሱት 13:00 ላይ ነው። እዚህ ዓምድ ላይ ከማንኛውም መንጠቆና ክር በላይ ልጽፍበት የምፈልገው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ይታገሡኝ።

ከዝቅታ እስከ ሙላት የሚፈጀው 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በእኛና በፈረንጁ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነትም 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን በሐበሻ ሰዓት ያነበበ ሰው ትንሽ አይደለም የሚሳሳተው፤ ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል። እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፣ ውኃውን አይተው ተመለሱ። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። «ሙላት 7:00» የሚለውን አንብቦ በቀኑ ሰባት ሰዓት የወረደ ሰው፣ የሚያየው ዝቅታ ሙላቱ ይመስለዋል። «ከዚህ በላይ አይመጣም» ብሎ የመጨረሻው መደብ ላይ ይቀመጣል። ውኃው ግን ገና መነሣቱ ነው።

አነሣሡም ያታልላል። በዚያ የባሕር ዳርቻ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በዝቅታና በሙላት መካከል ያለው ልዩነት 9 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአሥራ ሁለት ከፍለው ያስሉት፦ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ። በመጀመሪያው ሰዓት 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጨምር ሰው ይዘናጋል፤ በሦስተኛው ሰዓት 2 ሜትር ከ25 ይጨምራል። ያ ከቁመትዎ ይበልጣል።

ደግሞ ቀድሞ የሚሞላው ከፊትዎ አይደለም። ብዙዎቹ የዓለት መደቦች ወደ ባሕሩ በኩል ከፍ ብለው ከኋላቸው ጎድጎድ ያለ ሰርጥ አላቸው። እርስዎ በደረቅ ቦታ ተቀምጠው ዘንጉን ሲያዩ ሰርጡ ከጀርባዎ ይሞላል። ስለዚህ ምልክትዎ እግርዎ ሳይሆን ሰርጡ ይሁን፤ ውኃ መግባት ሲጀምር ዕቃ መሰብሰብ አይደለም፣ መሻገር ነው። ዘንግ ይገዛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙ የታተሙ ሰንጠረዦች በግሪንዊች ሰዓት ስለሆኑ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ (በፈረንጆቹ) አንድ ሰዓት ይደምሩ። ሁለተኛ፣ ሰንጠረዡ ስለ ማዕበል ምንም አይነግርዎትም። ከመውረድዎ በፊት ከላይ ሆነው ግማሽ ሰዓት ይመልከቱ፤ ትልልቆቹ ሞገዶች በየመካከሉ ተከታትለው ስለሚመጡ አምስት ደቂቃ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ሊቀመጡበት ያሰቡት ዓለት ሳይዘንብ እርጥብ ከሆነ፣ እዚያ የደረሰ ሞገድ አለ ማለት ነው።

በጾም የያዝኩትን ዓሣ ብበላ ችግር አለው?

የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ እስከ መንጠቆው ድረስ ነኝ።

«ባለቤቴ ዓለት ላይ ካልዋለ ቅዳሜ አይመስለውም። ለልደቱ አዲስ ዘንግ ልግዛለት?»

አይ እህቴ፣ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት ግዢለት። ውኃ ሲነካው ራሱ የሚነፋው ባለ 150 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) ጥሩ ነው፤ ግን ጋዙ ያለበት ሲሊንደር እየላላ ስለሚሄድ ከመውጣቱ በፊት በእጁ ያጥብቀው፣ በእግር መካከል የሚታሰረውንም ማሰሪያ ማሰር አይርሳ። ያ ካልታሰረ ጃኬቱ ወደ ላይ ሸሽቶ ሰውየው ከሥር ይቀራል። ጫማው ሶሉ ላይ የብረት ጥርስ ያለው ይሁን፤ እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ቤት ይተወው።

ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎ አይዝለል። የወደቀው በጀርባው ተንሳፍፎ እስትንፋሱ እስኪረጋጋ ይጠብቅ፤ የቀዝቃዛ ውኃ ድንጋጤ የሚበረታው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ከላይ ያለው ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፣ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልኩ 999 ደውሎ «ኮስትጋርድ» (የባሕር ዳርቻ አዳኞች) ይበል። ከወጣ በኋላ «ደህና ነኝ፣ ሻይ ስጡኝ» ቢልም፣ ውኃ ወደ ሳንባው ከገባ የግድ ሆስፒታል ይሂድ። ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

መንጠቆ ጣቴ ውስጥ ቢገባስ?

ጫፉ ላይ ያለው እሾህ ካልገባ አውጥተህ እጠበው። ከገባ ክሩን ቁረጥ፣ እንዳይነቃነቅ በፕላስተር ያዘው፣ ሐኪም ቤት ሂድ፤ የቴታነስ ክትባትህንም ይዩልህ። ዓይን አጠገብ ከሆነ ጨርሶ አትንካው።

«ባላን ራስ ለወጥ ይሆናል?»

ይሆናል፤ ግን አጥንቱ ብዙ፣ ሥጋው ልፍስፍስ ነው፤ ሐዋሳ የለመዱትን ቆሮሶ አይጠብቁ። ይልቁንስ ይልቀቁት። በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ከ20 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። ሁሉም ሴት ሆነው ተወልደው ጥቂቶቹ ካደጉ በኋላ ወንድ ይሆናሉ፤ ትልልቆቹን የለቀመ ሰው ወንዶቹን እየለቀመ ነው። ከሰፈራቸውም ብዙ ስለማይርቁ፣ አንድ ዓለት አንዴ ከተራቆተ ለዓመታት ባዶ ይሆናል።

ለድስት ማከሬል ወይም ፖላክ ይያዙ። ባስ የሚባለው ዓሣ ከሆነ ከ42 ሳንቲ ሜትር ያነሰው ይመለሳል፤ በቀን ስንት መውሰድ እንደሚቻል የሚወስነው ደንብ ደግሞ ስለሚቀያየር፣ ከመሄድዎ በፊት የመንግሥትን ድረ ገጽ ይመልከቱ።