ከችግኙ በፊት ድንጋዩን እዩት

ልጆቼ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ደሴ ላይ ወሬው ሁሉ ችግኝ ነው። ከእናንተ ከተፈጥሮ ሀብት ተመራቂዎች ጋር ስናወራ መጀመሪያ የምትነግሩኝ የዝናቡን መጠን ነው። እኔ ግን ከአፈሩ ሥር ያለው ድንጋይ ምንድነው እላለሁ።

የእኛ ጦሳ ተራራ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት። ሲበሰብስ ጭቃማ አፈር ይወጣዋል፣ ውሃም ይይዛል። የኖራ ድንጋይ ጠባዩ ሌላ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ትንሽ ይኮመጥጥና ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ሲቆይ ዋሻ ይሆናል። ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመር ላይ የወይብ ወንዝ ምድር ውስጥ ገብቶ የሚወጣው በዚሁ ነው። እንዲህ ያለው መሬት ካርስት ይባላል።

ደቡብ ቻይና፣ ጉይዦ ክፍለ ሀገር፣ ብዙው መሬት ካርስት ነው፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ቁጥቋጦው ግን ይጠማል፤ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ያመልጠዋል። ድንጋዩ አብዛኛው ሟሙቶ ስለሚሄድ ለአፈር የሚተርፈው ጥቂት ነው። እሱም እዚህ እፍኝ፣ እዚያ እፍኝ። ተዳፋቱ ተመንጥሮ ሲታረስ ያቺው ታጥባ ትሄድና የቀረው አለት ብቻ ይሆናል። እዚያ የሚጸናው ሥሩን በስንጥቅ የሚሰድ፣ ቅጠሉ ትንሽና ጠንካራ የሆነ ተክል ነው።

ሥራ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወይም ወደ መቀሌ ዙሪያ ቢወስዳችሁ የኖራ ድንጋይ ታገኛላችሁ። ድንጋዩን ፈቅፍቁና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ እሱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ በገመድ ለክቶ በእኩል ርቀት መቆፈር ለሪፖርት ፎቶ ያምራል እንጂ ችግኝ አያጸድቅም። አፈር የተጠራቀመበትን ፈልጋችሁ ትከሉ፤ መስመሩ ቢጣመም ይጣመም።

ቁጥቋጦውንም «ቦታ እናጽዳ» ብላችሁ አትመንጥሩት። ትግራይ ውስጥ እንደተጠናው ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው ዘሩን ቁጥቋጦ ሥር ይጥላሉ። ቡቃያውም ከገላጣው ይልቅ በደደሆ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተሻለ ይተርፋል። ፍየል ማገድ ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ወፎቹ ይሠሩላችኋል፤ ያውም ያለ አበል።

ዓይናችሁን ለማሠልጠን ሩቅ አትሂዱ። በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። መንገድ ሲሠራ የተቆረጠውን ግድግዳ እዩ፦ አፈሩ የት ላይ ያበቃል? የዛፉ ሥር ምን ያህል ወርዷል? ኮምቦልቻ እስክትደርሱ ብዙ ቦታ ታያላችሁ።