ዌልስኛ የሚናገረው ስንት ሰው ነው? የትስ ነው ያለው?

ሰሞኑን ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ስላለችው የብሪታንያ ክፍል ስለ ዌልስና ስለ ቋንቋዋ የተጻፉ ጥያቄዎች በተከታታይ ደርሰውናል። ተቀራራቢ ስለሆኑ በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል። ለይተን ካልጠቀስን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ነው፤ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ። እዚህ ምልክቱ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው። አስፋልቱ ላይ እንኳ «ቀስ በል» ለማለት «አራፍ» ብለው ጽፈዋል። ጎረቤቶቼ ግን የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። አውቶቡስ ላይም ሆነ ገበያ ውስጥ ዌልስኛ ሰምቼ አላውቅም። እውነት የሚናገረው ሰው አለ? ካለስ የት ነው?

መልስ፦ አለ እህቴ፣ ብዙ አለ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው የዌልስ ነዋሪዎች መካከል 538,300 ያህሉ ዌልስኛ እንናገራለን ብለዋል። 17.8 በመቶ ማለት ነው። ከመቶ ሰው አሥራ ስምንት አይሞላም።

ግን ይህን 17.8 ይዘሽ ዌልስን ብትዞሪ የትም አታገኚውም ማለት ይቻላል። አገሪቱ 22 የአካባቢ አስተዳደሮች አሏት። በሰሜን ምዕራብ ግዊነዝ የሚባለው ውስጥ 64.4 በመቶው ዌልስኛ ይናገራል። ከእሱ ቀጥላ የአንግልሲ ደሴት አለች፣ 55.8 በመቶ። ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ስትወርጂ ከረዲጊዮን 45.3፣ ካርማርዘንሻየር 39.9 በመቶ ነው። እነዚህ አራቱ ናቸው ቋንቋው በሱቅ፣ በእርሻ፣ በቤተ ክርስቲያንና በኳስ ሜዳ የሚሰማባቸው ዋና አካባቢዎች። ከዚያ በምሥራቅና በደቡብ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። ኒውፖርት 7.5፣ በድሮው የከሰልና የብረት አገር ያለው ብላይናይ ግዌንት ደግሞ 6.2 በመቶ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ እሱ ነው።

በቁጥር ለአማካዩ የሚቀርበው ፔምብሩክሻየር ነው፤ 17.2 በመቶ። እሱም ቢሆን ለሁለት የተከፈለ ነው። ሰሜኑ ዌልስኛ ተናጋሪ ነው፤ ደቡቡ ግን ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ የመጡ ፍላንደርሶችና እንግሊዞች ስለሰፈሩበት ዘመናትን በእንግሊዝኛ ነው የኖረው። መሐል ላይ ያለውን የቋንቋ ድንበር ላንድስከር ይሉታል። አጥር የለው፣ ኬላ የለው፣ የመንደሮቹ ስም ግን ድንበሩን ስታልፊ ይለወጣል።

አሁን ወዳንቺ ከተማ ልምጣ። ካርዲፍ 12.2 በመቶ ነው። ከስምንት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ካርዲፍ ትልቅ ከተማ ስለሆነች በሰው ሲቆጠር 42,800 ገደማ ይሆናል። አንግልሲ በሙሉ ደሴቷ ያላት 37 ሺህ ገደማ ነው! ስለዚህ አንቺ ያለሽበት ከተማ ከአንግልሲ የበለጡ ዌልስኛ ተናጋሪዎች አሏት። ያልሰማሽው ስለተበተኑ ነው። አንድ ዌልስኛ ተናጋሪ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ቋንቋውን ይቻል አይቻል አያውቅም፤ ስለዚህ አፉን በእንግሊዝኛ ይከፍታል፣ ሌላውም እንደዚያው ያደርጋል፣ ሁለቱም ዌልስኛ የሚችሉ ሆነው ሳይተዋወቁ ይወርዳሉ። ግዊነዝ ውስጥ ካርናርቮን የምትባል ከተማ ብትሄጂ ግን ከአሥር ሰው ከስምንት በላይ ተናጋሪ ነው፤ እዚያ ሰው ሰላምታውን የሚጀምረው በዌልስኛ ነው። እኔ በመቶኛውንም የሰዉንም ብዛት አብሬ የማየው ለዚህ ነው፤ አንዱ ብቻውን ያሳስታል።

ጥያቄ፦ በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአገራችን የሕዝብ ቆጠራ ላይ ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። እኛ የምንጠይቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር። የዌልስን ነገር ሳነብ አንዱ ቦታ 538 ሺህ፣ ሌላው ቦታ ወደ 900 ሺህ ይላል። እንዴት ነው ይህን ያህል የሚለያየው? ምን ብለው ነው የሚጠይቁት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባታችን፣ ልምድዎ ቁልፉን ቦታ አስነክቶዎታል። ዌልስ ውስጥ ስለ ዌልስኛ የሚጠየቀው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ቅጹ «ዌልስኛ ሲነገር ይገባዎታል? ይናገራሉ? ያነባሉ? ይጽፋሉ?» ነው የሚለው። ከእናቱ የተማረውም፣ ትምህርት ቤት የተማረውም፣ በ60 ዓመቱ ማታ ማታ ኮርስ የወሰደውም እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ቤት ውስጥ በየቀኑ ይናገረዋል ወይ የሚል ጥያቄ የለም። ምን ያህል መቻል «እችላለሁ» እንደሚያሰኝም አይነገርም፤ ለራስ ሕሊና የተተወ ነው። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ የሚሞላው ወላጅ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የተማረውን ጥቂት ዘፈን አንዷ እናት «ይናገራል» ትለዋለች፣ ሌላዋ «ገና ነው» ትላለች።

ወደ 900 ሺህ የሚጠጋው ቁጥር የመጣው በናሙና ከሚሠራ ዓመታዊ ጥናት ነው። ከመቶው ሠላሳ ያህሉ ይናገራል ያለው እሱ ነው። ይህ ጥናት በቃለ መጠይቅ ነው የሚሠራው፤ በስልክ ወይም ፊት ለፊት የሚያናግር ሰው ሲኖር «አዎ፣ ትንሽ እናገራለሁ» የሚለው ይበዛል። እርስዎ ቤት ለቤት ስለዞሩ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የዌልስ መንግሥት ራሱ ዋና መለኪያ አድርጎ የያዘው ቆጠራውን ነው። በ2017 ባወጣው ዕቅድ በ2050 ተናጋሪውን አንድ ሚሊዮን አደርሳለሁ ብሏል፤ ያ የሚለካውም በቆጠራው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ዌልስኛ የሚጠየቀው ዌልስ ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። ከግዊነዝ ተነስቶ ሊቨርፑል ወይም ለንደን የገባ ሰው ቋንቋው አብሮት አለ፣ በዚህ ቁጥር ውስጥ ግን የለም። በ1865 በመርከብ ተጉዘው በአርጀንቲና ፓታጎንያ የሰፈሩት ሰዎች ልጆችም የሉበትም፤ እዚያ ቹቡት በሚባለው ክፍለ ሀገር ዛሬም ዌልስኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ።

ጥያቄ፦ ቋንቋ አጠናለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ምዕራቡ በዛ፣ ምሥራቁ አነሰ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ድሮ ሁሉም ይናገር ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ ድሮ አብዛኛው ይናገር ነበር። በ1911 ቆጠራ 977 ሺህ ሰው ተናጋሪ ነበር፤ 43.5 በመቶ። ከዚያ በፊት ከግማሽ በላይ ነበር።

መውረዱ የጀመረው ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። በ1536 በወጣው ሕግ ፍርድ ቤቱም ሹመቱም በእንግሊዝኛ ሆነ። ዌልስኛ የሚያውቅ ብቻ ሹመት አያገኝም። ቋንቋውን በዚያ ዘመን ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ናት ማለት እችላለሁ። በ1588 ዊሊያም ሞርጋን የሚባል ቄስ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን በዌልስኛ አሳተመ። ገበሬው ባለሥልጣኑን በእንግሊዝኛ ይሰማል፣ እሑድ ግን ቃሉን በራሱ ቋንቋ ያነባል። ማንበብም የተማረው በእሱ ነው።

ካርታውን ለሁለት የከፈለው ግን ከሰሉ ነው። ደቡቡ የከሰል አገር ሆነ። ሮንዳ የሚባለው ሸለቆ በ1851 ጥቂት ሺህ እንኳ የማይሞላ ሰው የነበረበት የበግ ግጦሽ ነበር፤ በ1911 ከ150 ሺህ በላይ ሆነ። መጀመሪያ የመጡት የዌልስ ገበሬ ልጆች ስለነበሩ ቋንቋው ጉድጓድ ውስጥም ይነገር ነበር። በኋላ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ የመጣው በዛ። ጋብቻው ተቀላቀለ፣ የሥራው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማሳደግ ጀመሩ። በሰሜን ምዕራብ በአንጻሩ የነበረው ሥራ ለቤት ክዳን የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ መፍለጥ ነው። እዚያ የሚሠራው የአካባቢው ሰው ነበር፤ ፍለጣውም ቀልዱም ሙግቱም በዌልስኛ ነበር። እነዚያ የድንጋይ መፍለጫ ከተሞች ዛሬም ቋንቋው የጠነከረባቸው ናቸው።

ትምህርት ቤቱም አለበት። በ1847 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ዌልስኛን ለሕዝቡ ኋላ ቀርነት ምክንያት አድርጎ ወቀሰ። ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሦስቱ ሰዎች ቋንቋውን የማያውቁ እንግሊዞች ነበሩ። በዚያ ክፍለ ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች ዌልስኛ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ቁራጭ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ ከእሱ ለመገላገል ሌላ የሚናገር ጓደኛውን ይጠቁማል፤ እንጨቱ ከአንገት ወደ አንገት ይዞራል፣ ማታ ላይ በእጁ የተገኘው ይገረፋል። ይህን ሳነብ አንጀቴ ነው የሚላወሰው። ቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ ክፍል ውስጥ አምጥቶ የተሳቀበት ልጅ በእኛም አገር አለ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1965 ደግሞ ባላ ከተማ አጠገብ ያለች ካፔል ከሊን የምትባል ዌልስኛ ተናጋሪ መንደር፣ ለሊቨርፑል ከተማ ውኃ ለማጠራቀም ተብሎ ከነቤተ ክርስቲያኗና ከነትምህርት ቤቷ በግድብ ተዋጠች። የዌልስ የፓርላማ አባላት አንድ እንኳ ሳይደግፈው ነው ሕጉ ያለፈው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተነሣ። የቋንቋው ማኅበር በ1962 ተቋቁሞ ስለነበር ወጣቶቹ የእንግሊዝኛ ምልክቶችን እያነሱ ታሰሩ። በ1980 ግዊንቮር ኢቫንስ የተባለው ፖለቲከኛ በዌልስኛ ቴሌቪዥን እንዲከፈት የተገባው ቃል ካልተጠበቀ እስክሞት እጾማለሁ አለ። መንግሥት እጅ ሰጠ፤ ጣቢያውም በ1982 ተከፈተ።

አሁን የሚያሳስበኝ ምዕራቡ ነው። ካርማርዘንሻየር በ2001 ከሁለት ሰው አንዱ ተናጋሪ ነበር፤ በ2011 43.9፣ በ2021 39.9 በመቶ ሆነ። በአሥር ዓመት 4 ነጥብ፣ ከሁሉም የበለጠ የወረደው እሱ ነው። ወጣቱ ለሥራ ወደ ከተማ ይሄዳል። በባሕሩ ዳር ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጣ ባለገንዘብ የዕረፍት ቤት ይገዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ የመንደሩ ልጅ መግዛት ያቅተዋል። ግዊነዝ በዕረፍት ቤቶች ላይ ከመደበኛው የቤት ግብር 150 በመቶ ጭማሪ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልክ አድርጓል ባይ ነኝ። በዚያው ዘመን ካርዲፍ ከ11.1 ወደ 12.2 አደገች። ነገር ግን ካርዲፍ ውስጥ የተጨመረ አንድ ሰው፣ ካርማርዘንሻየር ውስጥ የጎደለን አንድ ጎረቤት አይተካም። ትምህርት ቤት ተናጋሪ ያወጣል፤ ቋንቋው በሱቅና በመስክ የሚነገርበት መንደር ግን አንዴ ከፈረሰ መልሶ መሥራቱ በጣም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ዌልስኛ የእንግሊዝኛ ዘዬ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። የኬልት ቋንቋ ነው፤ እህቱ በፈረንሳይ የሚነገረው ብሬቶን ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር ያለው ዝምድና የአማርኛንና የኦሮምኛን ያህል ነው ብለህ አስብ፤ የሩቅ ግንዳቸው አንድ ነው፣ ቅርንጫፋቸው ግን ሌላ ሌላ። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ከምራይግ ነው የሚሉት። «አመሰግናለሁ» ለማለት ዲዮልኽ ይላሉ። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ኽ እንግሊዞችን ታስቸግራለች፤ የእኛ ፊደል ግን አላት።

ጥያቄ፦ እንደገና እኔው ነኝ፣ የካርዲፏ። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ይጀምራል። ሰፈራችን ሁሉን ነገር በዌልስኛ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ ጥሩ ነው ይላሉ። እቤት የምናወራው አማርኛ ነው። እኔ እንግሊዝኛዬም ገና ነው። ሦስት ቋንቋ ልጁን አያምታታውም? የቤት ሥራውንስ ማን ያሠራዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ አያምታታውም። ካርዲፍ ውስጥ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት አብዛኞቹ ልጆች ዌልስኛ ከማይነገርበት ቤት የመጡ ናቸው፤ መምህራኑ የሚጠብቁት ምንም የማያውቅ ልጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም በዌልስኛ ነው፤ ሰባት ዓመት አካባቢ ሲሆነው እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት ይገባል። እንግሊዝኛው ይቀርበታል ብለሽ አትስጊ። ከተማው እንግሊዝኛ ነው፣ ቴሌቪዥኑ፣ መጫወቻ ሜዳው፣ ጓደኛው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ብታስገቢውም ዌልስኛ እስከ 16 ዓመቱ አይቀርለትም፣ ግን አብዛኛው ልጅ እንደ ትምህርት ብቻ ተምሮት ሳይናገረው ይወጣል።

ስለ ቤት ሥራው ያልሽው እውነተኛ ጭንቀት ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ትምህርት ቤቱ ሂጂና ሁለት ነገር ጠይቂ፤ ለወላጅ የሚላከው ወረቀት በእንግሊዝኛም ይመጣል ወይ፣ ልጁ ሲቸገር ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚያግዘው አለ ወይ በያቸው። አንቺም ከልጅሽ ጋር አብረሽ መጀመር ትችያለሽ፤ ለአዋቂዎች የሚሰጥ የዌልስኛ ኮርስ በየከተማው አለ።

አማርኛውን ግን እንዳታቆሚ። እንግሊዝኛው እንዲፈጥንለት ብለሽ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አታናግሪው። ትምህርት ቤቱ ዌልስኛውን ይሰጠዋል፣ ከተማው እንግሊዝኛውን ይሰጠዋል፣ አማርኛውን የምትሰጪው አንቺ ብቻ ነሽ። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲመጣ ደግሞ ቅጹን የምትሞዪለት አንቺ ነሽ። ዌልስኛ ይናገራል ወይ የሚለውና ዋና ቋንቋው ምንድን ነው የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የፊተኛው ላይ አዎ ብለሽ፣ የኋለኛው ላይ አማርኛ ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ።