ከሆስፒታል ልምምድ በፊት የሚጠየቀው የጉበት ክትባት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የ22 ዓመት ወጣት ስሆን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የግል ኮሌጅ የነርስነት ትምህርት እከታተላለሁ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል እንመደባለን። አስተባባሪያችን ከዚያ በፊት ጉበትን የሚያጠቃውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከል ክትባት ስለ መውሰዳችን ማስረጃ እንድናቀርብ ነግረውናል። እኔ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን ዶዝ ከወሰድኩ በኋላ ፈተና ደርሶብኝ ሳልመለስ ቀረሁ። የሕፃንነት የክትባት ካርዴ ቤት ስንቀይር ስለ ጠፋ እናቴ መዝገቡን ለማስፈለግ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። ክትባቱን እንደገና ከአንድ መጀመር ይኖርብኛል? ጓደኞቼ ደግሞ «ካርድ የሚሞላልሽ ሰው እናገናኝሽ» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ በመጀመሪያ እናትዎን ከምልልሱ ያሳርፏቸው። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛነት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ፔንታቫለንት ውስጥ ተካትቶ ነው። ይህ ክትባት የሚሰጠው በስድስት፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜ ሲሆን፣ እርስዎ ያን ጊዜ ከዚያ ዕድሜ አልፈው ስለ ነበር ካርዱ ቢገኝ እንኳ የሚፈለገው መረጃ አይኖርበትም። ዘንድሮ ኮሌጅ የሚገቡ ታናናሾችዎ ግን ካርዳቸውን ቢፈልጉ ሊጠቅማቸው ይችላል።

የተቋረጠ ክትባት እንደ ተቋረጠ ሱባኤ ከአንድ አይቆጠርም። ሰውነት የመጀመሪያውን ዶዝ ስለማይረሳው፣ ዓመት ቢያልፍም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የተለመደው አሰጣጥ ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛውም ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ የሚሰጥበት ነው፤ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ቢያንስ ስምንት ሳምንት መቆየት ይበቃል። ስለዚህ ሁለተኛውን በዚህ ሳምንት ከወሰዱ፣ ሦስተኛው የሚደርሰው ልምምዱ ከተጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ሁለት ዶዝ የወሰደና የሦስተኛው ቀጠሮ የተያዘለት ተማሪ ልምምዱን መጀመር ይችል እንደሆነ የሚወስኑት ኮሌጁና ተቀባዩ ሆስፒታል ናቸው። ጥቁር አንበሳም ሆነ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12ም ሆነ ምኒልክ ቢመደቡ፣ የሚጠየቀውን ዝርዝር ዛሬውኑ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አስተባባሪያችሁን ጠይቁ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚነሳ ጥያቄ ለማንም አይጠቅምም፤ ይህን ክትባት በገንዘብም በልመናም ማፋጠን አይቻልምና።

መርፌውን ሲወጉ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። እኛ አገር መርፌ ሲባል መቀመጫ ላይ መወጋት የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ክትባት ለአዋቂ የሚሰጠው በክንድ የላይኛው ጡንቻ ላይ ነው፤ መቀመጫ ላይ ሲወጋ የሚያስገኘው መከላከያ ይቀንሳል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቆየት ያለበት ከመሆኑም በላይ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ከፋርማሲ ገዝቶ በቦርሳ ይዞ መዞርም፣ ቤት ወስዶ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥም ስህተት ነው፤ ተጠብቆ በተቀመጠበት ተቋም መወጋት ይሻላል። የተወጉበት ቀን ሲጻፍልዎ የዘመን አቆጣጠሩ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ መለየቱን፣ የክትባቱ መለያ ቁጥርና ማኅተም መኖሩን ሳያዩ ከመስኮቱ አይራቁ።

ካርድ ስለ ማስሞላት የነገሩዎትን በተመለከተ፣ ሐሰተኛ ሰነድ በሕግ ማስጠየቁ እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ጉዳት በራስዎ ላይ የሚመጣ ነው። ተማሪ በመርፌ የሚወጋው ብዙ ጊዜ የተጠቀመበትን መርፌ ወደ ሴፍቲ ቦክስ በቀጥታ ከመጣል ይልቅ መልሶ ሊከድን ሲሞክር ነው። መርፌው ቫይረሱ ካለበት ታካሚ ደም ከነካ፣ ያልተከተቡ ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድላቸው ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ የኤችአይቪ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። አደጋው በደረሰበት ሰዓት ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ተከትበው እንደሆነ ነው። ያልተከተበ ሰው በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን መጀመርና ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት ማግኘት አለበት፤ በትክክል ተከትቦ መከላከያው በምርመራ የተረጋገጠለት ደግሞ ለሄፓታይተስ ቢ ምንም አያስፈልገውም። በሐሰት የተሞላ ካርድ ያቀረበ ተማሪ እንግዲህ በገዛ ወረቀቱ ሕክምናውን ሊያጣ ይችላል።

ከሦስተኛው ዶዝ አንድ ወይም ሁለት ወር በኋላ ፀረ እንግዳ አካል መፈጠሩን በደም ምርመራ ያረጋግጡ፤ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ በቂ ነው። ቫይረሱ አስቀድሞ በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩንም መመርመር ተገቢ ነው። ውጤቱን ፈርተው የማይመረመሩ ተማሪዎች አሉ፤ ነገር ግን የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር ቫይረሱ መገኘቱ ብቻ ተማሪን ከሕክምና ትምህርት ሊያስወግድ እንደማይገባ አስታውቋል። ውጤቱ የእርስዎና የሐኪምዎ ምስጢር ነው፤ በክፍል አለቃ እጅ በሚዞር ዝርዝር ላይ ሊጻፍ አይገባውም።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። ክንዴ ላይ የቢሲጂ ጠባሳ እያለ የቲቢ ምርመራ ለምን እጠየቃለሁ? የኩፍኝ ክትባትም ውሰድ ተብያለሁ።
ከልደታ

መልስ፦ ጠባሳው በሕፃንነትዎ መከተብዎን ያሳያል እንጂ ዛሬ በቲቢ አለመያዝዎን አያሳይም። ቢሲጂ በዋናነት የሚከላከለው ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች ነው፤ አዋቂን ከሳንባ ቲቢ በአስተማማኝ ሁኔታ አይጠብቅም። ቆዳ ላይ በመውጋት የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መነበብ ስላለበት፣ ዓርብ ተወግተው ሰኞ ጠዋት ሰዓቱ እንዳያልፍብዎ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢወጉ ይመረጣል። የኩፍኙን ክትባት የቆዳ ምርመራውን በሚያደርጉበት ዕለት መውሰድ ይችላሉ፤ ክትባቱን አስቀድመው ከወሰዱ ግን የምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል አራት ሳምንት ይጠብቁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለብዎ ደግሞ የኮሌጁን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታዎን ያስመርምሩ።