ለጥቂት ሳምንት ብቻ ያጨሰ ልጅ ሳንባው ይታመማል ወይ ብለው ለጠየቁን እናት

እናታችን፣ የ19 ዓመት ልጅዎን ድንገት ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ እጥረት እንደያዘው፣ ለሳንባ ምች የታዘዘለትን መድኃኒት እየወሰደም እንደባሰበት፣ ሲጋራ ከጀመረ ጥቂት ሳምንቱ መሆኑንም ከጓደኛው እንደሰሙ ጽፈው፣ ይህ ሊገናኝ ይችላል ወይ ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ጅማ አኪዩት ኢኦሲኖፊሊክ ኒሞኒያ በተባለ፣ አዲስ አጫሾችን በሚይዝ የሳንባ ሕመም ከሞት አፋፍ የተመለሰ ስለሆነ፣ ያየነውን እንግልት እርስዎ እንዳያዩት እጽፍልዎታለሁ።

1. ልጅዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ አይቆዩ፤ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከ90 በመቶ በታች ካሳየም «ነገ ተመለሱ» የሚል ቀጠሮ አይቀበሉ።

2. ሲጋራውን መቼ እንደጀመረ፣ አቋርጦም ከሆነ መቼ እንደተመለሰበት፣ ለሐኪሙ በግልጽ ይነገር። እኛን ብዙ ያስከፈለን ይህ ነው። ወንድሜ ማጨስ የጀመረው ለፈተና ሲያጠና፣ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ላይ ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ሐኪም አባታችን ባሉበት «ታጨሳለህ?» ብሎ ጠየቀው። በአባቱ ፊት «አዎ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ከየት ይመጣል? ካርዱ ላይ «አያጨስም» ተብሎ ተጻፈ። ራጁ በሁለቱም ሳንባዎቹ ላይ ጥላ ሲያሳይ አንቲባዮቲኩ ተቀየረለት፤ ቀጥሎ ቲቢ ተጠረጠረ፤ የአክታ ምርመራው ነጻ ሲሆን ደግሞ ሌላ አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ወንድሜ ሌሊት ትንፋሽ ሲያቅተው እውነቱን ነገረኝ። በማግስቱ ካርዱ እንዲታረም ስጠይቅ፣ ሐኪሙ ሲጋራ ሳንባን የሚጎዳው ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑን ገልጾ፣ «ሐኪሙ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብሎ ወረፋ በሚጠብቀው ሕዝብ ፊት አመናጨቀኝ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ነገር ግን አንገቴን ደፍቼ አልወጣሁም፤ ራጁንና የላቦራቶሪ ውጤቶቹን በሙሉ ተቀብዬ ወንድሜን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድኩት። በዚያ ያገኘናቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም ቤተሰቡን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥተው ብቻውን ጠየቁት፤ የበሽታው መንገድ የተገኘው በዚያች ጥያቄ ነው። ስለዚህ እርስዎም ልጅዎ ሲመረመር ከክፍሉ ይውጡለት።

3. አኪዩት ኢኦሲኖፊሊክ ኒሞኒያ ያልኩዎት በሽታ እንዲህ ነው። ኢኦሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በድንገት ሳንባ ውስጥ ተከማችተው ያስቆጡታል፤ መንስኤው ባክቴሪያ ስላልሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም። የሚያስገርመው፣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የዓመታት አጫሽን ሳይሆን አዲስ ጀማሪን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2003 እስከ መጋቢት 2004 በኢራቅና አካባቢዋ ከተሰማሩት የአሜሪካ ወታደሮች 18ቱ በዚህ ሕመም ተይዘው ነበር፤ ሁሉም አጫሾች ሲሆኑ 14ቱ ማጨስ የጀመሩት በቅርቡ ነበር፤ 2ቱ ሞተዋል። ሐኪማችን ይህን ሲነግሩኝ ያ «ብዙ ዓመት» የሚለው መልስ ስንት ሰው እንዳሳሳተ አሰብኩ። ደግሞም በደም ውስጥ ያለው የኢኦሲኖፊል መጠን መጀመሪያ ላይ ትክክል ሊሆን ስለሚችል፣ የደም ውጤቱ ትክክል መሆኑ ብቻ በሽታው የለም አያሰኝም። በይበልጥ የሚለየው በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባ ገብቶ፣ ሳንባ ታጥቦ በሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ ከሴሎቹ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ኢኦሲኖፊል ይሆናሉ። የወንድሜ ሰውነት ለዚያ ምርመራ አቅም ስላልነበረው፣ ሐኪሟ ኢንፌክሽኖችን ካጣሩ በኋላ ኦክስጅኑ ሳይነቀል ስቴሮይድ የተባለውን የሳንባ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት አስጀመሩት፤ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ ተመለሰ። ይህን ሰምተው ግን ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይሰጡት አደራ እላለሁ፤ ሕመሙ ቲቢ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሆኖ ከተገኘ ያባብሰዋል።

ከዳነ በኋላ ወደ ሲጋራ ከተመለሰ በሽታውም ሊመለስ ስለሚችል፣ ሲጋራ የሚያገኝበትን በር ይዝጉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥንም ሆነ በፍሬ መቸርቸርን ይከለክላል፤ ወንድሜ ተከራይቶ የሚኖርበት ግቢ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ግን በፍሬ ይሸጥለት ነበር። ሄጄ የወንድሜን ራጅ ለባለሱቁ አሳየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ለተማሪ መሸጡን አቁሟል።