ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት፦ ሳይኬደሊክ፣ ሎክዳውንና የአእምሮ ጤና

ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። በኮቪድ ጊዜ ሥራዬ ከዎርድ ወደ ስልክ ዞሮ ነበር። ሌሊት ከሚደውሉት መካከል ሳይኬደሊክ ስለሚባሉት፣ እይታንና ስሜትን ስለሚያዛቡ ዕፆች የሚያነሱ አልጠፉም፦ ስለ ኤልኤስዲ፣ ስለ እንጉዳይ (ለምግብ የሚሆነው ሳይሆን አእምሮ የሚያዛባው) እና ኬታሚን ስለተባለው የማደንዘዣ መድኃኒት። ስለዚህ «ጠይቁኝ» አልኩ፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከየት እንደሚገኝና ስንት እንደሚወሰድ ለሚጠይቀኝ ደግሞ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ በሎክዳውን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሳይኬደሊክ ጀመረ ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ «ሰዉ ሁሉ» የሚለው ወሬ ነው። ኤምዲኤምኤ፣ ማለትም ኤክስታሲ፣ እንዲያውም ቀንሶ ነበር። የጭፈራ ቤት ዕፅ ነውና ጭፈራ ቤቱ ሲዘጋ አብሮ ተቀዛቀዘ። ኤልኤስዲና እንጉዳይ ግን ሳሎን ተቀምጦም ይወሰዳሉ። አሜሪካ ውስጥ «ሞኒተሪንግ ዘ ፊውቸር» የተባለ የረጅም ዓመታት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 30 ከሆኑት ውስጥ በዓመቱ ሃሉሲኖጅን (እንደ ኤልኤስዲና እንጉዳይ ያለ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ) የወሰዱት በ2011 3 በመቶ ነበሩ። በ2016 5 በመቶ፣ በ2021 ደግሞ 8 በመቶ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ መውጣት የጀመረው ከኮቪድ በፊት ነው። ስለዚህ ኮሮና አመጣው ማለት ይከብዳል። በእኔ እይታ ኮሮና የቀየረው ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ የት እና ከማን ጋር እንደሚወሰድ። ይህን ነገር ደጋግሜ ስለማነሳው ከወዲሁ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ግን ለምን? ሰው ቤቱ ተዘግቶበት እየተጨነቀ ጭንቅላት የሚያዞር ነገር ለምን ይወስዳል? እኔ በጭራሽ አይገባኝም።

መልስ፦ ስለጨነቀው ነዋ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መረጃ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ደረጃ 25 በመቶ ጨምሯል። በዚያው ሰዓት ክሊኒኮች በራቸውን ዘጉ፤ ቀጠሮ በስክሪን ሆነ። ከሐኪሙ ጋር ለማውራት መኪና ውስጥ ወይም መታጠቢያ ቤት የሚደበቅ ሰው ነበር፤ ቤቱ በሰው ስለሞላ። ደግሞ በዚሁ መሃል ዜናው መጣ። በ2020 መጨረሻ ከጆንስ ሆፕኪንስ፣ በ2021 ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ፣ እንጉዳይ ውስጥ ያለው ሲሎሳይቢን ድባቴን እንደሚያቃልል የሚጠቁሙ ጥናቶች ታተሙ። እንቅልፍ አጥቶ ሌሊት ስልኩን የሚነካካ ሰው ያንን ርዕስ ሲያይ ምን ያስባል? አልፈርድበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዜናው ውሸት ነበር? ጥናት አይዋሽም አይደል?

መልስ፦ ዜናው አልዋሸም። ግማሹን ነው የተናገረው። ይቺን ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የጆንስ ሆፕኪንሱ ጥናት የተሠራው በ24 ሰዎች ላይ ነው። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ግን 24 ሰው ነው። የኢምፔሪያሉ 59 ሰዎችን ይዞ ሲሎሳይቢንን ኤሲታሎፕራም ከተባለ የተለመደ የድባቴ መድኃኒት ጋር ለ6 ሳምንት አወዳደረ። በዋናው መለኪያ በሁለቱ መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። በሌሎቹ መለኪያዎች ሲሎሳይቢን የተሻለ መስሎ ታየ፤ ዜናው የሮጠው በእነሱ ነው። በ2022 ደግሞ 233 ሰዎች የተሳተፉበት ሰፋ ያለ ጥናት ታተመ። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ውስጥ በ3ኛው ሳምንት 37 በመቶው በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። መሻሉ እስከ 12ኛው ሳምንት የዘለቀላቸው ግን 20 በመቶ ናቸው። ሌላ መድኃኒት እምቢ ላለው ድባቴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተአምርም ግን አይደለም።

አሁን ርዕሱ ላይ ያልተጻፈውን ልንገራችሁ። በቤተሰቡ ውስጥ ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚዋዥቅበት ሕመም) ያለበት ሰው ከእነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው ይወጣል። የቀረው ከመውሰዱ በፊት ከባለሙያዎች ጋር ደጋግሞ ቁጭ ብሎ ያወራል። በዕለቱ አልጋ ላይ ጋደም ይላል፤ የሚያውቃቸው ባለሙያዎች አጠገቡ ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። ሲፈራ እጁን የሚይዝ አለ። በነጋታውና ከዚያም በኋላ ያየውን ያወራበታል። መድኃኒቱ የዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ነው። በሎክዳውን ቤቱ ብቻውን የወሰደው ሰው ያገኘው ይህችን አንዷን ክፍል ነው። ሌላው ሁሉ የለም። እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው፤ ዜናው አስፈሪ፣ ግድግዳው ያው፣ ጎረቤት የማያንኳኳበት።

ጥያቄ፦ እንደዚያ ከሆነ አጠገቡ ሰው ካለ ምንም ችግር የለም እያልሽ ነው?

መልስ፦ አላልኩም። ሰው መኖሩ ፍርሃትን ያበርዳል። በዘር የመጣን ተጋላጭነት፣ የመድኃኒት መጋጨትን ወይም የተበከለ ዕፅን አያበርድም።

ጥያቄ፦ በ2020 ብቻዬን ሆኜ ኤልኤስዲ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ሲንቀሳቀስ፣ ከሚሄድ ነገር ኋላ ጭራ የመሰለ ነገር ሲከተል አያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አበድኩ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላበድክም። የምታየው ነገር እውን እንዳልሆነ አንተው እያወቅከው ነው፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሳይኬደሊክ ከሰውነት ከወጣ በኋላ የእይታ መዛባቱ ሲቀር የሚከሰት የታወቀ ችግር አለ። በሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ውስጥ ስም ተሰጥቶት ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ የሚያባብሰው ፍርሃቱ ነው፤ ባየኸው ቁጥር ትደነግጣለህ፣ በደነገጥክ ቁጥር የበለጠ ታስተውለዋለህ። ካናቢስ የምታጨስ ከሆነ አቁም። ሳይኬደሊክ ደግመህ አትንካ። እንቅልፍህን ጠብቅ። ከዚያ የዓይንም የነርቭም ችግር አለመሆኑን ሐኪም ያጣራልህ፤ ሌላ ሕመምም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ብቻህን አይደለህም ደግሞ። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ከሳይኬደሊክ በኋላ የቆየ ችግር የገጠማቸውን 608 ሰዎች ጠይቆ ነበር፤ ጭንቀትና ፍርሃት ከሁሉም ጎልቶ ወጣ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እባክሽን ቶሎ መልሺልኝ። ታናሽ ወንድሜ እንጉዳይ ከወሰደ ሳምንት አለፈው። አይተኛም። «የተላክሁበት ጉዳይ አለ» እያለ ሌሊቱን ይጽፋል። እናታችን ያልፍለታል ትላለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። የእንጉዳይ ስሜት ከተወሰደ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ያበቃል። ሳምንት የሆነው ነገር የዕፁ ስካር አይደለም፤ ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ መጋል) ወይም ሳይኮሲስ (ከእውነታ መራቅ) ሊሆን ይችላል። ይህ ቶሎ ሲታከም በብዙው ይሻላል፤ ሲቆይ ይከብዳል። «የተላክሁበት» የሚለውን አትከራከሪው፣ አታሹፊበትም። «አለመተኛትህ አሳስቦኛል፣ ለእንቅልፍህ አብረን እንሂድ» በይው። እንቅልፍ ማጣቱን እሱም ያምንበታልና ብዙ ጊዜ ይሠራል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ከተናገረ ግን እስካግባባው ብለሽ አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ለሌሎቻችሁ፦ በካናዳ ኦንታሪዮ ተሠርቶ በ2024 የታተመ ጥናት አለ። በሃሉሲኖጅን ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ከደረሱት ውስጥ 4 በመቶው በ3 ዓመት ውስጥ የስኪዞፍሬንያ ዓይነት ሕመም ተገኘባቸው። በጠቅላላው ሕዝብ ይህ 0.15 በመቶ ነው። ዕፁ ብቻውን አመጣው ማለት አይደለም፤ ከወሳጅ ሁሉ ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰውም ጥቂቱ ነው። ግን ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው «አለፈ» ተብሎ አይለቀቅም።

ጥያቄ፦ የድባቴ ኪኒን እወስዳለሁ። ከእንጉዳይ ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ እንደ ኪኒኑ ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት የሳይኬደሊኩን ስሜት ብዙ ጊዜ ያደበዝዙታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎች «እንዲሠራልኝ» ብለው ኪኒናቸውን በራሳቸው ያቆማሉ። ከዚያ ድባቴው ተመልሶ ይመጣል፣ የማቋረጡ ሕመም ይጨመራል፣ በዚያ ላይ ዕፅ። በሎክዳውን ስልክ ላይ ካስደነገጡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የምትወስዱ ደግሞ ፈጽሞ አትሞክሩት፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። አያዋስካ የተባለው ከዕፅዋት የሚፈላ ሳይኬደሊክ መጠጥ ከድባቴ ኪኒን ጋር ሲደባለቅ ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ አልፎ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከቤት ስሠራ «ማይክሮዶዝ»፣ ማለትም የማያሰክር በጣም ትንሽ መጠን ሳይኬደሊክ፣ እወስድ ነበር። ትኩረቴ ጨምሯል፤ ይህንንስ ምን ትያለሽ?

መልስ፦ መጨመሩን አምናለሁ። ምክንያቱን ነው የምጠራጠረው። በ2021 የኢምፔሪያል ተመራማሪዎች 191 ሰዎች ቤታቸው ሆነው ራሳቸውን እንዲፈትሹ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ ኪኒኖቹን ራሳቸው በዘዴ ቀላቀሉ፤ እውነተኛውን ይውሰዱ ባዶውን አያውቁም። ጥበበኛ አሠራር ነው፣ ደስ ይለኛል። እውነተኛውን የወሰዱት ተሻላቸው። ባዶውን የወሰዱትም ያንኑ ያህል ተሻላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አልወስድም። ግን ጓደኛዬ ወስዶ ሲጨነቅ አጠገቡ ብሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ደማቅ መብራትና ዜና አጥፋ። «ስሜቱ ያልፋል፣ የወሰድከው ነገር ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ» በለው፤ ደጋግመህ። አትመርምረው፣ አትምከረው፣ አትሳቅበት። ካልፈለገ አትንካው። መስኮት፣ በረንዳና መኪና ቁልፍ ካለ አንተ ተቆጣጠር። ኤልኤስዲ ከሆነ ነገሩ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል የሚተካህ ሰው ፈልግ። ሰውነቱ እንደ እሳት ከነደደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ደረቱን ካመመው፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ካልነቃ አምቡላንስ ጥራ፤ ምን እንደወሰደ እውነቱን ተናገር። ኤልኤስዲ ተብሎ የሚሸጠው ወረቀት ኤንቦም የተባለ ሌላ ኬሚካል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሰው ገድሏል። አሜሪካ ውስጥ በ2021 «ፋየርሳይድ ፕሮጀክት» የተባለ ነጻ የስልክ መስመር የተከፈተው ለዚሁ ነው፤ ብቻውን የወሰደ ሰው የሚያናግረው እንዲያገኝ።

ጥያቄ፦ ከጫካ የተለቀመስ? ተፈጥሯዊ ስለሆነ ይሻላል ይላሉ።

መልስ፦ መርዙም ተፈጥሯዊ ነው። ከእነዚህ እንጉዳዮች ጋር የሚመሳሰል፣ ጉበት የሚገድል ዝርያ አለ። ትውከትና ተቅማጡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከዚያ የተሻለ ይመስላል፣ ከዚያ ጉበት ይወድቃል። ከበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ሆዱን የታመመ ሰው ተሻለኝ ቢልም ሆስፒታል ይሂድ።

ጥያቄ፦ በወረርሽኙ ጊዜ ኬታሚን በፖስታ እስከ መኖሪያ ቤት ድረስ ይላክ ነበር ሲባል ሰማሁ። ቀልድ መሰለኝ።

መልስ፦ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ለድባቴ የተፈቀደው በአፍንጫ የሚነፋ ኤስኬታሚን (የኬታሚን ዓይነት)፣ በ2019 ሲፈቀድ ክሊኒክ ውስጥ ተወስዶ ቢያንስ 2 ሰዓት ክትትል እንዲደረግ ታዝዞ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ሐኪምና ታካሚ በአካል ሳይገናኙ በቪዲዮ እንዲታዘዙ ተፈቀደ። በዚያ በር የኬታሚን ኪኒን በየቤቱ ገባ። ለተጠቀሙበት ሰዎች አልነፍግም፤ የረዳቸው አሉ። ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጥቅምት 2023 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቤቱ የወሰደ አንድ ታካሚ አተነፋፈሱ መዳከሙንም ጠቅሷል። ኬታሚን ሲለመድ ደግሞ ፊኛን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አሁን ሕጋዊ ሆኗል አይደል?

መልስ፦ በአብዛኛው ዓለም አልሆነም። ከ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጀምሮ ኤልኤስዲና ሲሎሳይቢን በጥብቅ የተከለከሉ ናቸው። በወረርሽኙ ዓመት ካናዳ ለ4 የማይድን ካንሰር ታማሚዎች ሲሎሳይቢንን በልዩ ፈቃድ ፈቀደች፤ የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ሕዝብም በኅዳር 2020 ሲሎሳይቢን በባለሙያ ፊት እንዲወሰድ ድምፅ ሰጠ። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የተፈቀደላቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሲሎሳይቢንና ኤምዲኤምኤ እንዲያዙ ፈቀደች። በነሐሴ 2024 ደግሞ አሜሪካ ኤምዲኤምኤን ጦርነትና ጥቃት ለሚተዉት የአእምሮ ጠባሳ ሕክምና ለመፍቀድ አልተስማማችም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ለእኔ እንጉዳይ ሕይወቴን አትርፎኛል። ራሴን ላጠፋ ነበር። ለምን ታስፈራሪያለሽ?

መልስ፦ በመትረፍህ ደስ ብሎኛል፣ የምሬን ነው። ያልከውን አልክድም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያን ቀን ብቻህን ነበርክ?

ጥያቄ፦ (ያው ጠያቂ) አይ። እህቴ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አብራኝ ነበረች። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ትደውል ነበር።

መልስ፦ እሷንም ከሂሳቡ አታውጣት። ሐሳቡ ዳግም ከመጣብህ ደግሞ መጀመሪያ ለእሷ ደውል፣ ከዚያ ድንገተኛ ክፍል። እንጉዳዩን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። በሎክዳውን ጊዜ የወሰድኩትን ለሐኪሜ ልንገር? አሳልፎ እንዳይሰጠኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት ጠይቂ፦ «እዚህ የምነግርዎ ነገር የት ይጻፋል? ለማን ይተላለፋል?» ብዙ ቦታ ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም ደንቡ ስለሚለያይ መልሱን ከራሱ ስሚ። መልሱ ካረጋጋሽ ምን እንደወሰድሽ፣ መቼ፣ ምን እንደተሰማሽና አሁን የቀረ ነገር ካለ ንገሪው። የምትወስጃቸውን ኪኒኖች በሙሉ ጨምሪ። በቤተሰብሽ የአእምሮ ሕመም ካለም አትደብቂ። ሲናገሩት አፍ የሚይዝ ከሆነ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው፤ ብዙ ታካሚዎቼ እንደዚያ ያደርጋሉ።