ባሕር አይተው ለማያውቁ ሠዓሊ

ጥያቄ፦ ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩ ሠዓሊ ነኝ። በመጪው ጥር ለሦስት ሳምንት ጅቡቲ ከተማ ተቀምጬ ባሕሩን እንድሥል ተጋብዣለሁ፤ ሥራዎቹም እዚያው ለሕዝብ ይታያሉ። እስከ ዛሬ ግን ባሕርን የማውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። የሙያ ጓደኞቼም «እንግዳ ሠዓሊ ፖስትካርድ ሥሎ ይመለሳል» እያሉ ያሾፉብኛል። እውነታቸውን ይሆን? ከየትስ ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ጨርሶ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ሥዕሉ ፖስትካርድ የሚሆነው ግን ሠዓሊው እንግዳ ስለሆነ ሳይሆን፣ አገሩ ሳለ በፎቶግራፍ የለመደውን ባሕር እዚያም ሄዶ ስለሚፈልግ ነው።

ከአድማሱ ይጀምሩ። ፒያሳ ላይ ቆመን ወደ ሰሜን ስናይ እንጦጦ ይገታናል፣ ወደ ደቡብ ስናይ ደግሞ ከተማው ቁልቁል ይወርዳል፤ ዐይናችን የተዘረጋ አድማስ አልለመደም። ስለዚህም ባሕርን በሐሳቡ የሚሥል የአዲስ አበባ ልጅ፣ የተማሪዎችን ሥራ ሳርም ደጋግሜ እንዳየሁት፣ አድማሱን ወደ ላይ ሰቅሎ ውኃውን እንደ ግድግዳ ያቆመዋል። የባሕር አድማስ ግን ምንጊዜም በተመልካቹ ዐይን ከፍታ ላይ ነው። ውኃው ዳር ለቆመ ሰው ርቀቱ 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሰገነት ላይ ሲወጡ አብሮዎት ከፍ ይላል፣ ይርቃልም።

ሰማያዊ ቀለም በብዛት ገዝተው አይሂዱ። እግርዎ ሥር ያለውን ውኃ ቁልቁል ሲያዩት አሸዋውን ያሳይዎታል፤ ራቅ ያለውን ግን በአግድመት ስለሚያዩት የሰማዩን መልክ ይመልሳል፣ ሰማዩ በአቧራና በእርጥበት በነጣ ቀንም ባሕሩ ግራጫ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1872 የአገሩን የለ ሃቭርን ወደብ ከሆቴል መስኮት በሣለበት ዝነኛ ሥራው፣ ብርቱካናማዋ ፀሐይ በድምቀቷ ከዙሪያዋ ሰማይ እምብዛም አትለይም፤ ሥዕሉን በጥቁርና ነጭ ቢያዩት ፀሐይዋ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። የራስዎንም ንድፍ በስልክዎ በጥቁርና ነጭ አንሥተው ቢፈትሹት ብዙ ይማሩበታል። ሞኔ እዚያው ከተማ ያደገ ስለነበር እንግዳ ነበር ለማለት ይከብዳል፤ ነገር ግን የወደቡን ጭስና የመርከቦቹን ምሰሶ ከሥዕሉ አላስወጣም። እርስዎም ክሬኖቹን አይሽሹ። በየመንገዳችን በጭነት መኪና የሚያልፈው ኮንቴይነር ከመርከብ ሲወርድ የሚታየው እዚያ ነውና፣ ለዚህኛው ጉዳይ እንኳ እርስዎ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም።

የዘይት ቀለሙን ቤትዎ ይተዉት፤ ወፍራም ከቀቡት በሦስት ሳምንት አይደርቅም። የውኃ ቀለም ይበቃል፣ እርጥበት ባለው አየር ከለመዱት ዘግይቶ እንደሚደርቅ ብቻ ያስቡ፤ ሳይደርቅ ከደረቡበት ይደፈርሳል።

ቦታ አይቀያይሩ፤ አንድ ጥግ ይምረጡና እየተመላለሱ ይሣሉት። የባሕር ውኃ በየቀኑ ከዳር ይሸሻል፣ ይመለሳልም፤ ጠዋት ሲንሳፈፍ የሣሉትን ጀልባ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ሊያገኙት ስለሚችሉ፣ በእያንዳንዱ ንድፍ ጀርባ ሰዓቱን ይጻፉ።